ከሻሼ ሥር

ልጄ ስትወለድ ግንባሯ ላይ አንዲት ነጭ የጸጉር ዘለላ ይዛ መጣች። አራስ ጠያቂው ሁሉ «ማርያም ስማታለች» እያለ መርቆ ሄደ። ሰባት ዓመት ሲሞላት ግን ያው መራቂ ሁሉ መካሪ ሆነ። አማቴ ጠበል ይዘሻት ሂጂ አሉ። የባሌ እህት ደግሞ ላጫት፣ ሲበቅል ጠቁሮ ይመጣል አለች። ጠቁሮ እንደማይመጣ እኔ አሳምሬ አውቅ ነበር፤ እናቴ እኔን በልጅነቴ ሦስት ጊዜ ላጭታኛለች።

አዎ፣ እኔም አለችኝ፤ እዚያው ግንባሬ ላይ። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ከተዳርኩ ጀምሮ ሻሽ ከራሴ ወርዶ አያውቅም። የምታጠበው በር ዘግቼ፣ ሹሩባ የምትሠራኝም እናቴ ብቻ። ከእሷና ከባሌ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልጄም አታውቅም።

ታዲያ ይቺው እኔ፣ ጠዋት ጠዋት ልጄን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ «ይቺ ጌጥሽ ናት፤ እግዜር ለይቶ የሰጠሽ ናት፤ ቀና ብለሽ ሂጂ» እላታለሁ። ይህን እያልኩ ደግሞ ዘለላዋን በጨርቅ ጥፍንግ አድርጌ አስራለሁ። አንድ ቀን እጄን ያዝ አደረገችና፣ «ጌጥ ከሆነች ለምን ትሸፍኛታለሽ?» አለችኝ።

«ብርድ ነው» አልኳት። ሐረር፣ በሚያዝያ፣ ብርድ!

ትምህርት ቤቱ ፎቶግራፍ አምጡ አለ፤ ራስ ሳይሸፈን። እንግዲህ ብልጠቴን ስሙልኝ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት የጀጎል ሴት ጸጉራቸውን ሂና ሲቀቡ አይ ነበር፤ ጸጉራቸው እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ሂና ያጠቁራል ብዬ ደመደምኩ። ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? ግን መካሪውን ሁሉ «ልጄ ምን ጎደላት!» እያልኩ ሳባርር ከርሜ፣ አሁን ማቅለሚያ ልጠይቅ? ፈላና በር ከሚባለው የጀጎል መግቢያ ገበያ ዱቄቱን ገዛሁ፣ በር ዘግቼ ቀባኋት፣ ግማሽ ቀን አቆይቼ አጠብኳት።

ዘለላዋ ቀይ ሆነች። በፈረስ መጋላ አደባባይ የሚያልፉ ሽማግሌ ሐጂዎች ሸበቶ ጢማቸውን ሂና ሲቀቡት የሚወጣው ያ ቀለም፣ ቁልጭ ብሎ የልጄ ግንባር ላይ ተቀመጠ።

ጎረቤቴ አይተው፣ እስላም ባይሆኑ ኖሮ ያማትቡ ነበር፣ «ያ ረቢ!» አሉ። «ነጩንማ ሂና ያቀላዋል! ምናለ ብትጠይቂኝ? ደግሞስ ምን ሆና ነው፣ ማሻአላህ፣ እንዲህ የምታምር ልጅ?»

የተናደድኩት በራሴ ነው፤ የጮህኩት ግን በልጅቷ ላይ። ምን አጥፍታ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ልጆቹ ጨርቁን ገልጠው «ሐጂ» ብለዋታል። ሁለተኛ አልሄድም አለች፤ ሳምንት ሙሉ ቤት ዋለች። አባቷ ቢቆጣ፣ እኔ ብለማመጥ፣ ወይ ፍንክች! ትምህርቷ ሊቀር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። «ጌጥሽ ናት» ብዬ ስጀምር ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነበር።

በሰባተኛው ቀን መረረኝ። ሻሼን ፈትቼ ወረወርኩት፤ ፊቷ ተንበርክኬ ሹሩባዬን በታተንኩት። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዘለላዬን በጣቷ ይዛ አገላብጣ አየቻት።

«እስከዛሬ ደብቀሽኝ ነበር» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ተቆጥታለች። «ነገ እንዲህ ሆነሽ ከሸኘሽኝ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ራሴን ገልጬ ወጣሁ። እሷ በቀይ ዘለላዋ፣ እኔ በነጯ። ፈረስ መጋላ ስንደርስ ባለሱቆቹ ሥራቸውን ትተው ያዩኛል። እጄ ሳላስበው ነጠላውን ወደ ራሴ ሊስብ ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር ልጄ ይዛ ታወርደዋለች። ትምህርት ቤቱ በር እስክንደርስ ስንት ጊዜ እንዳወረደችው አላስታውስም።

«ቀና በይ፣ እማዬ» አለችኝ።