ሰማያዊ የቀባሁት ሸለቆ

ሥራዬ ለሕንፃ ነዳፊዎች ሞዴል መሥራት ነው። በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳንፎርዝ አካባቢ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን ተራራና ሸለቆ በእጅ እየዳሰሱ የሚያዩት ካርታ ለኤግዚቢሽን ሥሪልን ሲሉኝ፣ ነገሩን ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። ምክንያቴ አባቴ ነበር። የት ጋ እንደሆነ የማላውቀውን የተወለደበትን መንደር በጣቱ ነክቶ ሊያሳየኝ ጓጉቷል። የእናቱ መቃብር እዚያ ነው፤ በሚመጣው ጥር ሄዶ ሊያስጠግነው ቆርጦ ተነስቷል።

ፎም ቦርድ የሚባለውን ቀላል ሰሌዳ በየከፍታው ቆርጬ ደራረብኩና በላዩ ጀሶ ቀባሁበት። ተራሮቹን ከልካቸው በላይ አስረዘምኳቸው፤ በሙያችን የተፈቀደ ውሸት ነው። በውሃው ግን አልዋሸሁም። የቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል እያየሁ ሐይቁንም ግድቡንም እንዳለ በሰማያዊ ቀባሁ።

ኤግዚቢሽኑ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት አባቴንና እናቴን ከሰው ቀድመው እንዲያዩት ወሰድኳቸው። አባቴ መነጽሩን አደረገና የአገሩን ወንዝ በጣቱ ተከትሎ ቁልቁል ወረደ። ድንገት ቆመ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል። የኛ መንደር እኮ ነው፤ ምን ውሃ አለ እዚህ?»

«አልተሳሳትኩም አባዬ፤ ወንዙ ተገድቦ ነው» አልኩት፣ እንደ አስጎብኚ ፈገግ ብዬ።

እናቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጨምቃ ያዘች። ፊቷን ሳይ ክው ብዬ ቀረሁ። ታውቅ ነበር!

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። የአገር ቤት ዘመዶች መንደሩ በውሃ መዋጡን ለእናቴ ነገሯት፤ እሷ ለቸርቻችን ሽማግሌዎች ነገረች፤ እነሱም አባቴ ልቡን ስለሚያመው ምቹ ጊዜ እንፈልግ አሉ። ጊዜ ሲፈለግ ዓመታት አለፉ። ጥር በመጣ ቁጥር ጉዞውን በሰበብ የምታስቀረው ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ምንም በማላውቀው ነገር አባቴን በብሩሽ አረዳሁት።

«ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንቺ ምስጢር የት ታውቂያለሽ!» አለችኝ እያለቀሰች። ተናደድኩባት።

አባቴ ወንበር ስቦ ካርታው አጠገብ ተቀመጠ። ወደ ቤት እንሂድ ብንለው አሻፈረኝ አለ። እናቴ «በቃ፣ ለሽማግሌዎቹ ኮል ላድርግ» ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት የቸርቻችን ሰው በካፖርቱ ላይ ነጠላ ደርቦ እየጎረፈ ገባ። ካርታውን ዞር ብሎ ያየ የለም። እያንዳንዱ አባቴ ፊት ጎንበስ ብሎ «ጌታ ያጽናዎት» ይልና ሄዶ ይቀመጣል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሰው በመብዛቱ ፊቷ በርቶ «ወንበር ልጨምር?» አለችኝ። አብሬያት ወንበር ደረደርኩ።

በመጨረሻ ራሴን አበርትቼ አባቴ አጠገብ ተንበረከክሁ። ይቅርታ ልለው ስል እጄን ያዘኝ። ዙሪያውን የተቀመጡትን አንድ በአንድ አያቸው።

«ይሄ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር» አለኝ። «የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

እኔም አላውቅም ነበር ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ እጁን እንደያዝኩ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።