ጫት ባልገባበት ቀን ሰዓቴ ያለኝ

ሰዓቱን ያመጣችልኝ እናቴ ናት። ጅቡቲ ውስጥ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ ምግብ ታበስላለች። አሠሪዋ እጅ ላይ አይታው፣ የልብ ምት እንደሚቆጥር ስትሰማ፣ ለኔም እንዲያስመጡላት ለመነች። ለራሷ አልፈለገችም። አባቴ የሞተው አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ሲገባ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ልቡ ቀጥ ብሎበት ነው። በልጅነቴ ደግ ነገር ስሠራ «የአባትህ ልብ ነው ያለህ» ትለኝ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ግን ይህን ቃል አንድም ቀን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

ሰዓቱ ስለ ልብ ብርታት የሚናገረው ወዲያው አይደለም። ደጅ ወጥቶ ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልጋል። የልብ ምትን ከእርምጃ ጋር እያመዛዘነ፣ ሰውነት ሲደክም ምን ያህል አየር መጠቀም እንደሚችል ይገምትና ስልኬ ላይ ይጽፋል። መራመድ አይቸግረኝም፤ የሚቸግረኝ መቀመጥ ነው። ስንኝ የሚመጣልኝም እግሬ ሲንቀሳቀስ ነው። ፀሐይ በረድ ስትል ከሰፈራችን ከካርቲየ 6 ተነሥቼ፣ በካርቲየ 1 ሱቆች መሀል አቋርጬ፣ ነፋስ እስከሚገኝበት ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ምን አለ?»

«ገና እያሰበ ነው።»

ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ውጤቴን የምታሳየው ነጥብ ቀዩ መስመር ላይ ቆማለች፤ ከሥሯ «ፌብል» የሚል ተጽፏል። ፈረንሳይኛ የለመደችው በሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቢሆንም ይህችን ቃል ታውቃታለች።

«ደካማ ነው የሚልህ» አለች ቀስ ብላ።

«ሰዓት ሐኪም አይደለም እማዬ።»

«እንግዲያው ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

«እሄዳለሁ» አልኩ። አልሄድኩም። ፈርቼ ነበር። ይልቅስ በየቀኑ ፍጥነቴን እየጨመርኩ ተራመድኩ፤ ልቤም በየቀኑ ከእግሬ ቀድሞ ሮጠ። ቃሉ አልተለወጠም። እናቴ ወጡ ላይ ጨው መቀነስ ጀመረች።

አንድ ቀን ጫት አልገባም። መንገድ ተዘግቶ ይሁን መኪና ተበላሽቶ፣ ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ በኩል ጥሩምባቸውን እየነፉ የሚመጡት መኪኖች ቀሩ። ጅቡቲ እንዲህ ባለ ቀን ሌላ ከተማ ትሆናለች። ጫት ሻጮቹ ባዶ ጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው ስልክ ላይ ይጮኻሉ። የታክሲ ሾፌሮች ያለ ምክንያት ይሰዳደባሉ። ከጠረጴዛው ሥር ገራባ፣ የተጣለውን የጫት ቅጠል፣ መልቀም የለመዱት ፍየሎች እንኳ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ የምቅመው ጎረቤታችን ቤት ነው፤ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ይነግዳሉ። ግጥሞቼን መጀመሪያ ቁጭ ብሎ የሰማኝ ያ የበርጫ ክፍል ነው። ያን ዕለት ነጋዴው ደጃፋቸው ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ።

«አቦ፣ ና እስቲ ግጥም አንብብልን፤ እሱንም ቢሆን እንቃም» አሉኝ።

«የኔ ግጥም አያመረቅንም ጋሼ።»

«እሱንማ እናውቃለን! በጫት ነው እስከ ዛሬ የቻልንህ።»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። እኔም ስቄ፣ የምቀመጥበት ስለሌለኝ መንገዴን ጀመርኩ። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት ነበር። ልቤ ግን አልሮጠም። ባሕሩ ዳር ስደርስ ሰዓቱ ቆሞ ይሆን ብዬ ነካካሁት። ቤት ስገባ ቃሉ ያው ነበር፤ ነጥቧ ግን ከቀዩ መስመር ወደ ላይ ፈቀቅ ብላለች። የልብ ምቴ ከወትሮው በጣም ዝቅ ብሏል። ያኔ ገባኝ፤ ልቤን የሚያስሮጠው ጫቱ ነው። እኔ ፀሐይ የምትበርድበት እያልኩ የምወጣበት ሰዓት ምርቃናዬ የሚግልበት ሰዓት ነበር። እዚህ ከተማ ከሰዓት በኋላ ልብ ሁሉ ስለሚሮጥ ማንም ሩጫ አይለውም።

ለእናቴ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ተወው።»

«ያለሱ ግጥም አይመጣልኝም እኮ እማዬ።»

«ቅጠል ግጥም የሚያጽፍ ቢሆን የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ገጣሚ በሆነ ነበር!»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አባትህም ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ አልነበረም የመጣው» አለችኝ። «ከበርጫ ተነሥቶ ነው።»

ይህን እስከዚያ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ልቡ ይሁን ጫቱ፣ ማን ያውቃል፤ እሷም አላወቀችም። ሐኪም ዘንድ እንደምሄድ ነገርኳት፤ በዚያው ሳምንት አብራኝ ሄደች። ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ ደህና ነው አለ፣ ጫቱን ግን ተው አለኝ።

ከሐኪሙ በተመለስን ማግስት ጥሩምባው ሲነፋ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ነጋዴው በመስኮት ጠሩኝ፤ «አቦ፣ ቦታህ ተይዞልሃል!»

«ስመለስ ሻይ እጠጣለሁ ጋሼ፤ ለሻይ ያዙልኝ።»

«ሻይ! ሰዎች፣ ይህ ልጅ ታሟል!»

ባሕር ዳር ድረስ ሄድኩ። ጭንቅላቴ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ነበር። ስንኝ ፍለጋ ጀልባዎቹን አየሁ፣ ቁራዎቹን አየሁ፣ ምንም የለም። ስመለስ ካርቲየ 1 ውስጥ፣ መዝጊያው ግማሽ ድረስ ወርዶ የተተወ አንድ ሱቅ አየሁና አንድ መስመር መጣልኝ። እንዳይጠፋብኝ እየደጋገምኩት ሄድኩ።

እናቴ በር ላይ ቆማለች። ስልኩን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«መጣልህ?» አለችኝ።

«አንድ መስመር ብቻ።»

«አንድም ጥሩ ነው። ግባ፣ እንጀራው ቀርቧል።»