የወንድሜ ባለ ባልጩት ጠመንጃ

አባታችን ሲሞት ለወንድሜ የተረፈው አንድ ባለ ባልጩት ጠመንጃ ነበር። አፈሙዙ ጠባብ ነው፤ አረሩ ከአተር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከመካነ ሰላም በታች ያለው ማሳችን ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ ገብሱ ሲያሽት ዝንጀሮ ይወርረናል። የሚተኩሰው ወንድሜ ነው፤ ባሌን ፈትቼ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ማጽዳቱ የኔ ሥራ ሆነ። የባሩድ ጥላሸት ካደረ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ በተኮሰ ቁጥር የፈላ ውሃ በአፈሙዙ አፈስሳለሁ፤ ዘንግ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ እስኪጠራ እወለውላለሁ፤ ከዚያ የኑግ ዘይት እቀባዋለሁ። እሳት የሚጭረው ባልጩት ሲዶለዱም ከወንዝ ዳር ሌላ ለቅሜ፣ እንዳይንሸራተት በቁራጭ ቆዳ ጠቅልዬ አስረዋለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ የገበሬ ማኅበር ከተቋቋመ በኋላ፣ መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዞ ቀርቦ ይመዝገብ ተባለ። የማይሠራውን ይወርሱታል የሚል ወሬም ተከተለ።

«እንዳያሳፍረኝ አደራ» አለኝ ወንድሜ።

«አብሽር፣ ይጮሃል» አልኩት። ሦስት ቀን ለፋሁበት። ባልጩቱንም ቀየርኩለት።

ሜዳው ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየሁ። ሊቀመንበሩና አንድ ካድሬ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ከወንድሜ በፊት የቀረቡት የሁለት ሰዎች ጠመንጃ ከሸፈና ተወረሰ፤ ሰዎቹ ግን ወደ ቤታቸው ተሸኙ። የወንድሜ በመጀመሪያው ጮኸ። ለዒላማ የተሰቀለው ቅል ተበተነ። እልል አልኩ።

ካድሬው ጠመንጃውን አገላብጦ ሳቀ። «ይሄስ ይቅር፤ ሰውየው ይበቃናል» አለና ስሙን ከሚሊሻዎቹ ጋር ጻፈው።

በሳምንቱ ለዘመቻ ወሰዱት። ሲሄድ ጠመንጃውን አስታቅፎኝ «ዝንጀሮውን በጩኸት ጠብቂ፤ አንቺ እንዳትተኩሺ፣ ይመታሻል» አለኝ። የዚያን ዓመት ገብስ ግማሹን ዝንጀሮ በላው። ባልጩቱን ባልቀይረው ይከሽፍ እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ማጽዳቱንም ተውኩ፤ በሁለት ክረምት ቃታው ዝጎ ተጣበቀ።

ከዓመታት በኋላ አብሮት የዘመተ የከላላ ሰው አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰ። በበቅሎ ሄጄ ጠየቅኩት።

«ተኩሱ ሲበረታ ተበታተንን» አለኝ። «ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። «አባ፣ ፍትሐት ያድርጉለት።»

«ሞቱን ያየ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ሞቱ ላልታወቀ ሰው እንዴት አድርጌ ልፍታ?» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው።

ለቅሶ አልተቀመጥኩለትም። ጎረቤትም አንድ ቀን «እግዜር ያጽናሽ» ብሎኝ አያውቅም።