ጠንቋይዋን ማን ይሁን?

ልጅ ሳለሁ፣ ቤታችን ባሕር ዳር ከሐይቁ ጥግ በነበረበት ዘመን፣ ሲመሽ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚሰበሰበው አያ ደምሴ ዘንድ ነበር። አያ ደምሴ የእንጨት መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። በራፉ ላይ እሳት ያያይዛሉ፣ ፋኖሳቸውን ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ተረታቸውን ይጀምራሉ። ያኔ ከእሳቸው የሚበልጥ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ቆሎ ሲኖራቸው ለእኔም እንደ ሌላው ልጅ እፍኝ ሙሉ ይሰጡኛል።

በተረታቸው ውስጥ ግን ክፉው ሁልጊዜ ታንኳ ሠሪ ነው። መንገደኛውን አሳፍሮ ሐይቁ መሀል ሲደርስ የሚዘርፈው እሱ፣ ጉማሬ በልቶ የሚገማው እሱ። አያ ደምሴ አፍንጫቸውን በጣታቸው ይዘው በታንኳ ሠሪው ድምፅ ሲያወሩ ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። የእኔ አባት ደግሞ ከሐይቁ ዳር ደንገል እያጨደ፣ በእሱ ታንኳ እየሠራ ነበር የሚያሳድገን። በማግስቱ ያንኑ ተረት እንጫወተዋለን። ልዕልቲቱን የምትሆነው ልጅ በየቀኑ ትቀያየራለች፤ ታንኳ ሠሪው ግን ምንጊዜም እኔ ነኝ። «አንቺማ ታውቂበታለሽ!» ይሉኛል። እያለቀስሁ ለአባቴ ብነግረው፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ተረት ነው እኮ ልጄ፤ ተረት ሰው አይነክስም» አለኝ።

ይነክሳል እንጂ!

ይህ ሁሉ የተቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰሞን ነው። ልጄ ሐያት ከመዋዕለ ሕፃናት መጥታ ቀጥታ መስታወት ፊት ቆመች። ለዓመቱ መዝጊያ፣ ልጆቹ የሚወዱትን አንድ የካርቱን ፊልም በቲያትር ሊያሳዩ ነው። የፊልሙ ልዕልት ቀይ ናት፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የሚፈስ፤ ጠንቋይዋ ጠቋራ፣ ፀጉሯ የተከረደደ፣ አፍንጫዋ የተደፈጠጠ። መምህሯ ጠንቋይዋን ለሐያት ሰጠቻት። «ፀጉርሽ ይመቻል አለችኝ» አለችና ፀጉሯን በሁለት እጇ ወደ ታች ጎተተችው።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርሁ። ኮሌጅ የሚያስተምር አንድ አባት፣ «እህቴ፣ የልጆች ፊልም ነው እኮ፤ ባናካብደው» አለ። አንዲት እናት ደግሞ፣ «ጥፋቱ የፈረንጅ ፊልም ማሳየታችን ነው! የራሳችን ተረት እያለልን!» ስትል አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ትዕግሥቴ ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

«እንግዲያው የራሳችንን ልንገራችሁ» አልሁና የአያ ደምሴን ተረት፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኋቸው። ሳቁ። ያ ኮሌጅ የሚያስተምረው ሰውዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«የሳቃችሁበት ታንኳ ሠሪ አባቴ ነው» ብዬ ተቀመጥሁ።

መምህሯ አቀርቅራ ነበርና፣ ገብቷታል ብዬ አመንሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አያ ደምሴ ከነገሩን ተረት የአብዛኛው መጨረሻ ጠፍቶብኛል፤ አንበሳው ምን እንደ ደረሰበት፣ ልዕልቲቱ ማንን እንዳገባች ብጠየቅ አላውቅም። በፋኖሱ ብርሃን ውስጥ በጣት የተያዘው ያ አፍንጫ ግን ዛሬም ይታየኛል፣ ሳቁም ይሰማኛል። አባቴም ያኔ ቀና ብሎ ያላየኝ ለምን እንደ ሆነ የገባኝ ሐያት መስታወቱ ፊት የቆመች ዕለት ነው፤ ተረቱ እሱንም ነክሶት ኖሯል።

ትናንት ሐያት እየዘለለች ገባች። «እማዬ፣ ተቀየረልኝ! አበባ ሆንኩ!»

«እሰይ! ጠንቋይዋንስ ማን ሆነ?»

«ሊዲያ» አለችኝ፣ ጫማዋን እያወለቀች።

ሊዲያን አውቃታለሁ። ከሐያት ሌላ በክፍላቸው ጠቆር ያለችው፣ ፀጉሯም የተከረደደው እሷ ብቻ ናት። ለካ ያን ሁሉ የተናገርሁት ለልጄ ብቻ መስሏቸዋል!

ነገ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ።