ላምባ ለጠጣች ልጅ ወተት

ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ዓመት ወለል ስወለውል ቆይቼ ስወጣ የግቢያችን ሐኪም ሆንኩ። መሳለሚያ አካባቢ ነው ግቢያችን፤ ስምንት አባወራ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳበት። ልጅ ከወደቀ፣ እጅ ከተቃጠለ፣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ የሚሮጠው ወደ እኔ ቤት ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ!

አንድ ጊዜ ከጤና ጣቢያ አንዲት ልጅ እግር ባለሙያ መጥታ ቧንቧው ጋ ሰበሰበችን። ስለ ቃጠሎ አስተማረችን፤ ልጅ መርዝ ሲጠጣ ምን መደረግ እንዳለበት ልትነግረን ስትጀምር «የኔ እህት፣ ለመሆኑ ስንት ወልደሻል?» አልኳት። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ አትክልት ተራ ከመኪና ሽንኩርት ያወርዳል። ድምጿ የማይሰማ፣ እኔን «እትዬ» ብላ የማትጠግብ ሴት ናት። አንድ ልጇ ሦስት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። ያን ሰሞን መብራት እየጠፋ ስላስቸገረ ለቡታጋዟ ላምባ ገዝታ በውሃ ፕላስቲክ አስቀምጣለች። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናስቀምጠው፤ እኔም ጭምር።

ምሳ ሰዓት ላይ ጩኸቷን ሰምቼ ሮጥኩ። ልጅቷ ትስላለች፣ አፏ ላምባ ይሸታል። ከፕላስቲኩ የጎደለው አንድ ጉንጭ ቢሆን ነው። ታለቅሳለች፣ እናቷን ትጠራለች፣ እንደ ደህና ልጅ ትተነፍሳለች።

«እትዬ፣ በታክሲ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች እናቷ።

«ዝም በይ! አንቺን ብሎ እናት! ይልቅ እጇን ያዥልኝ!» አልኳት።

ወተት አስመጣሁ። አፍንጫዋን ይዤ ጋትኳት፤ ከዚያ ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተትኩ። በእነዚያ ትንንሽ ጥርሶቿ ነከሰችኝ፤ አልለቀቅኳትም። አስመለሰች። ደገምኳት። ትን አላትና ከንፈሯ ጠቆረ። «እሰይ፣ ወጣላት!» አሉ ሴቶቹ።

ትንፋሽ እያጠራት ሲመጣ ወሰድናት፤ ማታውን ሆስፒታል አስተኟት። እናቷ አልጋው አጠገብ ስትቀር እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ ወጥቶ «ማነው ያስመለሳት?» ሲል ጠየቀኝ።

«በራሷ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ራሱን ነቀነቀ። ላምባው ሆዷ ውስጥ ቢቀር ይሻል ነበር አለኝ፤ ስታስመልስ ነው ሳንባዋ የገባው። ጣቴ ላይ የጥርሷ ምልክት ነበር። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ልቅሶው ላይ ሴቶቹ «ላምባ በውሃ ፕላስቲክ! ምን ዓይነት እናት ናት!» እያሉ ሲንሾካሾኩ ዋሉ። የየቤታቸው ላምባ በምን እንደተቀመጠ እኔ የማላውቅ ይመስል! ባሏ ፊቱን አዞረባት። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ንፍሮ እቆረጥማለሁ፣ «እህ» እያልኩ። እሷ ደግሞ ለገባ ለወጣው ሁሉ «እትዬ ባይኖሩ እዚያው እጄ ላይ ትቀርብኝ ነበር» ትላለች።

እንግዳው ሲሳሳ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ጉልበቴን ያዘች።

«እትዬ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ነኝ አይደል የገደልኳት?»

ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አንዲት ቃል ነበረች የምትጠብቀው፤ በዓለም ላይ ያችን ቃል ልሰጣት የምችል ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። ካወጣሁት ግቢው ምን ይለኛል? ነገ ማን ይጠራኛል? እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ ያሰብኩት ይሄን ነው።

«አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አልኳት።

አንቺ አይደለሽም አላልኳትም።