ከጎተራው ሥር ያለው

ከኮሶዬ የተሳፈሩት ሽማግሌ ጢማቸውን በወግ ያበጠሩ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው፤ ጥፍራቸው ውስጥ ግን እርጥብ አፈር ሞልቷል። ባለቤታቸው ከፊት ወንበር ሆነው ይጸልያሉ። ሽማግሌው ከመምህርት ሸዋረግ ጎን ተቀምጠው ስለ ማርስ የሚያወራውን የአውቶቡሱን ራዲዮ ሲያዳምጡ ቆዩና፣

“ልጄ፣ ይኸ ራዳር የሚሉት ምንድን ነው?” አሉ።

“ማርስን ከላይ እየዞረ ከአፈሯ በታች የተቀበረውን በረዶ የሚያይ መሣሪያ ነው፣ አያ።”

“ሸጋ ነው። የኛንስ መሬት?”

“የሚያይ አለ፤ መሬቱ ደረቅ ከሆነ።”

ሽማግሌው ወደ ፊት ወንበር ሰረቅ አድርገው አዩ። “ከጎተራ ሥር የተቀበረ የአረቄ ጠርሙስስ?”

ሸዋረግ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “እሱን እንኳ እንጃ።”

“ግዴለም፣ ይየው። አረቄ ትቻለሁ ብዬ የማልሁት ለሱ አይደለም።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ብቻ ያየውን ለሚስት ይናገራል?”