በኩሬው ላይ የፈሰሰ ኮሶ

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ እኮ በሬ ቢረግጥህ በሬውን ይቅርታ ትጠይቃለህ" ትለኝ ነበር። የአሳውን ነገር ግን ዛሬም ሲያነሱብኝ ደሜ ይፈላል።

ልጄ ከአረብ አገር ተመልሳ፣ ከጋፋት ወረድ ብሎ ካለው ምንጭ ሥር፣ ለእርሻ በማይሆነው ረግረግ መሬታችን ላይ ኩሬ አስቆፍራ አሳ ማርባት ጀመረች። ገብስና ስንዴ ስናበቅል የኖርን ሰዎች ነን፤ አሳ ሲረባ የት አይተን! አገሩ ሳቀባት። እሷ ግን ካርፕ የሚሉትን፣ ብርድ የሚችለውን ዘር አምጥታ ጨመረች፤ አሳዎቹም አደጉላት።

የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። ለካ አሳም እንደ በግ ቅማል አለው። በሚተነፍስበት፣ በጆሮው ሥርም ትል ይገባበታል። ለዚህ ብላ መኖውን ራሷ ታዘጋጃለች። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ላይ እርሾና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ትለውስና ጥላ ላይ ታደርቀዋለች። ቤታችን ሽታው አይወጣለትም።

"ይሄ ነው ትሉን የሚገድለው?" አልኳት።

"አይገድለውም፣ አባባ። አሳው ገላው ጠንክሮ ትሉን እንዲቋቋም ነው። ደህና ሳለ ነው የሚበላው፣ በየቀኑ፣ ትንሽ ትንሽ። እርስዎ ጠዋት ጠዋት አብሽ እንደሚጠጡት።"

ገባኝ። እኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል።

አንድ ጊዜ ጫጩት አሳ ልታመጣ ባሕር ዳር ሄደች። እኔንም እብናት ለቅሶ ጠራኝ። ኩሬውን ለታላቅ ወንድሜ አደራ አልን፤ ቤታቸው ከኩሬው ማዶ ነው። መኖውን በጆንያ ሰጠቻቸው፣ እንዴት እንደሚበተንም አሳየቻቸው። እሳቸው ግን አንዳንዱ አሳ ገላውን ከኩሬው ዳር ሲያሽ አዩ። ትል ይዞታል አሉ። ትል ለያዘው ደግሞ በአገራችን መድኃኒቱ ኮሶ ነው፤ ኮሶም በባዶ ሆድ ነው። መኖውን ከለከሉና አሳዎቹን ጾም አሳደሩ። በማግስቱ አንድ እንስራ ሙሉ ኮሶ በጥብጠው ኩሬው ውስጥ ገለበጡት።

ስንመለስ ውኃው ላይ ነጭ ሆድ ብቻ ነው የሚታየው።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉ? ጨረሷቸው እኮ!" ብላ ጮኸች ልጄ።

"ላሽራቸው ብዬ ነዋ! ነጭ ሽንኩርት ምን ያደርጋል? ወጥ ልትሠሪባቸው ነው?"

"መቼ ታመሙና! ማን አሽሩልኝ አለዎት?"

እሳቸው እንኳን ሊያዝኑ ተቀየሙ። የወንድሜ ልጅ በአደባባይ ጮኸችብኝ ብለው ሽማግሌ ላኩብን። ሽማግሌዎቹም መደቡ ላይ ተደርድረው ጠላዬን እየጠጡ ፈረዱ፤ ድንጋይ ተሸክማ እግራቸው ላይ ትውደቅ።

ልጄ ቆማ ሰማቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እሸከማለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እዚህ አልቀመጥም፤ ወደነበርኩበት እመለሳለሁ" አለች።

እዚያ አረብ አገር ያየችውን እኔ አውቃለሁ። ሌሊት ስትባንን እሰማታለሁ።

"ልጄ ድንጋይ አትሸከምም" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስልህ አለኝ።

"ኧረ አንተ ሰው! ታላቅህ እኮ ናቸው!" አሉኝ።

"ታላቄ ናቸው። ኩሬው ግን የእሷ ነው። አደራ በልተው፣ ሳይጠየቁ መድኃኒት አፍስሰው፣ ይቅርታ የምትጠይቅ እሷ? ድንጋይ ካስፈለገ ከዚህ እስከ ገሳይ ሞልቷል፣ ጋሼ ይሸከሙት!"

ስናደድም አንቱታዬን አልተውኩም። ያ ራሱ ያናድደኛል።

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ወንድሜም ለፋሲካ እንኳ ደጄን አልረገጡም። "ለአሳ ብሎ ጣለኝ" ይላሉ አሉ። ለአሳ! ሽበት ያለው ሁሉ ያበላሸውን፣ ልጅ ተንበርክካ ስታቃና መኖሯ አይታያቸውም።

ምንጩ በሚገባበት ጥግ የነበሩ ጥቂት አሳዎች ተርፈዋል። ልጄም አልሄደችም። ኩሬውን አስጠርጋ እንደገና ጀምራለች፤ እሷ ከተማ ስትወርድ መኖውን የምበትን እኔ ነኝ። ትንሽ ትንሽ፣ እንዳለችው። አሳዎቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ እጄ ይመጣሉ። ቀና ስል የወንድሜ ቤት ማዶ ይታየኛል። ሲያዩኝ በራቸውን ይዘጋሉ።

ይዝጉት።